አዲስ ስልክ ወይስ የቡና መግዣ? የመስከረም ሒሳብ በሚዛንና በቴፒ

አዲስ ስልክ የሚወጣበት ወር ለደቡብ ምዕራቡ ቡና ነጋዴ አይመችም። አፕል ኩባንያ አይፎን 17ን ለገበያ ያቀረበው መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹም በዚያው ወር ወጥተዋል። መስከረም ደግሞ ዝቅ ባለው በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ቡናው ከደጋው ቀድሞ መቅላት የሚጀምርበት ወቅት ነው። አቅራቢው ለቀይ እሸትና ለጀንፈል መግዣ ጥሬ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ የአዲስ አበባ ሱቆች አዲሱን ዕቃ መስታወት ውስጥ ይደረድራሉ።

ዋጋው ቀላል አይደለም። የአይፎን 17 መነሻ ዋጋ በአሜሪካ ገበያ 799 ዶላር ነው፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የሻጭ ትርፍ አልተጨመረበትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመፍቀዱ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር። በዚያ ስሌት ይህን የመሰለ ስልክ 45,543 ብር ይሆን ነበር። በቀጣዩ ነሐሴ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ፤ በ100 ብር ብቻ እንኳ ቢሰላ 79,900 ብር ነው። ከዚያ በኋላም ዶላሩ ይበልጥ ጨምሯል።

ነጋዴው ሒሳቡን በብር ሳይሆን በፈረሱላ ቢሠራው ይበልጥ ይገባዋል። ለምሳሌ አንድ የሚዛን አቅራቢ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ ኪሎ 5 ብር ይተርፈዋል እንበል። 80,000 ብር ለመመለስ 16,000 ኪሎ፣ ማለትም 160 ኩንታል ቡና ገዝቶ መሸጥ አለበት። በፈረሱላ 941 ይሆናል። ያውም ስልኩን የገዛበት ብር በወቅቱ ቡና ላይ ቢውል ሁለትና ሦስት ጊዜ ተገላብጦ ሊያመጣ የሚችለው ትርፍ ሳይታሰብ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስልኩ ለሥራው ምን ይጨምራል የሚለው ነው።

ዋጋ ለማወቅ ከሆነ ብዙ አይጨምርም። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ ይሸጥ በነበረበት ዘመን የመሐል አገሩን ዋጋ ቀድሞ የሰማ ነጋዴ ያልሰማውን ይበልጠው ነበር። የቡና ግብይት ኅዳር 2001 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተጀመረ ወዲህ ግን ዋጋው በስልክ ድምፅና በአጭር መልእክት መሰማት ጀመረ። ለዚህ ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃል። ገንዘብ ለማስተላለፍም ቢሆን፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር *127# በመደወል በቁልፍ ስልክ ይሠራል። ደላላው ፎቶና የድምፅ መልእክት የሚልክባቸውን ቴሌግራምና ዋትስአፕ ደግሞ የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው መካከለኛ ስማርት ስልክ ሳይቸገር ይሸከማቸዋል።

አዲስ ነገር የመጣው ከአውሮፓ በኩል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሰኔ 2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ መሠረት፣ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆን አለበት። ማስረጃው የማሳው መገኛ ነው፤ እስከ 4 ሔክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው መለካት ይኖርበታል። የደንቡ መተግበሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ቢሆንም መረጃው በአንድ ሳምንት የሚሰበሰብ ስላልሆነ፣ ላኪው ዛሬውኑ ከአቅራቢው፣ አቅራቢውም ከገበሬው የማሳ መገኛ ቢፈልግ አያስገርምም። በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ስለሚበቅል ጉዳዩ ይህን አካባቢ ከሌላው ይበልጥ ይነካል።

ለዚህ ሥራ ስልክ መቀየር ያስፈልግ ይሆን? አንዳንዱን አዎን፣ አብዛኛውን ግን አይደለም። ስልክ መገኛውን የሚያነበው ከሳተላይት በመሆኑ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥም ይሠራል። ችግሩ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ሲገባ ንባቡ በብዙ ሜትር መሳቱ ነው። ይህን ስሕተት የሚቀንሱት የሳተላይቱን ምልክት በሁለት ሞገድ የሚቀበሉ ስልኮች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው የሻኦሚ ስልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ስልኩ ሁለት ሞገድ መቀበሉን እንጂ የዘንድሮ መሆኑን አይደለም። (ደንቡ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል። ስድስተኛው አኃዝ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የኪስ ስልክ አኃዙን ይጽፈዋል እንጂ ይህን ያህል አጥርቶ አያውቀውም።)

ስልኩ «አረጀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሞ ነው። አፕል ራሱ እንደሚገልጸው የአይፎን 14ና ከዚያ በፊት የወጡት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ሙሌት በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው፤ በየቀኑ ለሚሞላ ሰው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ ለሚዞር ገዢ ባትሪ ማስቀየር ከአዲስ ስልክ በፊት የሚሞከር ነው፤ ወጪውም አይወዳደርም። ፋይቭ ጂ የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ተጨማሪ የሚከፍልም የከተማው አንቴና አገልግሎቱን መስጠቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በእርግጥ ሁሉም ለሥራ ብሎ አይገዛም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ስልክ የባለቤቱን አቅም ይናገራል፤ በቃል በሚዋዋሉበት ገበያ ይህ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ላኪው ባለፈው ዓመት ያስረከበውን ቡና ጥራት እንጂ የአቅራቢውን ስልክ አይመዝንም።

ከአሜሪካ ዘመድ «ልላክልህ» ሲል ግን ከማመስገን ጋር ሁለት ነገር ማጣራት ይገባል። አንደኛው ስልኩ በአንድ ኩባንያ የተቆለፈ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሲም ማስገቢያው ነው፤ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱት ጨርሶ ማስገቢያ የላቸውም፣ የሚሠሩት በኤሌክትሮኒክ ሲም ብቻ ነው። አንዱን የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላውን የሳፋሪኮም ካርድ አድርጎ የሚሠራ ነጋዴ ሁለቱም ቁጥሮች በዚያ መንገድ መከፈታቸውን ስልኩ ሳይላክ በፊት ከአገልግሎት ማዕከላቱ ያረጋግጥ።

መቀየር የወሰነ ሰውም ቢሆን እስከ ጥር ድረስ ቢታገሥ ብዙ አይጎድልበትም። ያን ጊዜ የቡናው ገንዘብ ይመለሳል፣ ያለፈው ዓመት ሞዴልም ዋጋው ይወርዳል። አሮጌውን ለሱቅ ከማስረከቡ በፊት ግን የቴሌብር ሒሳቡን አዲሱ ላይ መክፈቱን፣ የማሳዎቹን መገኛም በወረቀት ጭምር መገልበጡን አይዘንጋ።