መርዶ በስልክ ሲመጣ

ልጁ በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። እናት አገር ቤት ስታርፍ «በሰው አገር ማን ያጽናናዋል?» ተብሎ መርዶው ለወራት ይደበቃል። (ይህ ልማድ ልጁን ዱዓ የሚያደርግበትን ጊዜ ስለሚያሳጣው ቢቀር ይሻላል።) በመጨረሻ ሲሰማ ጀናዛ አልሰገደ፣ ለቅሶ አልተቀመጠ። ያን ጊዜ «ትቻት በመሄዴ አላህ ቀጣኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል።

ይህ ሐሳብ ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆኑ 596 የሆስፒታል ሕሙማንን ለ2 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። ጥናቱ በስደተኞች ላይ የተደረገ አይደለም። ሆኖም «አምላክ ትቶኛል፣ አይወደኝም» ያሉት ሕሙማን የበሽታቸው ክብደት ታስቦም እንኳ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ተቀጣሁ ብሎ የሚያምን ሰው ዱዓ ለማድረግ ያፍራል፣ ከጀመዓ ይርቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። አላህን አር-ረሕማን ብሎ የሚያስበው ግን ያው ሐዘን ቢደርስበትም ወደ ማን እንደሚዞር ያውቃል። መከራ ሁሉ ቅጣት ቢሆን ነቢያት ለምን ተፈተኑ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ዕንባ ሶብር ማጣት አይደለም። ስለዚህ ሐዘንተኛውን «ባትሄድ ኖሮ» አይበሉት።

ርቀቱም ቢሆን መላ አለው። ነጃሺ በሐበሻ ምድር ሲያርፉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው መርዶውን ለሶሓቦች ነግረው፣ አሰልፈው በ4 ተክቢራ ሰግደውባቸዋል። ሶላተል ጋኢብ ለማን እንደሚሰገድ ዑለማኦች ስለሚለያዩ ኢማምዎን ይጠይቁ። ዱዓንና ሰደቃን ግን ባሕር አያግዳቸውም።

ምግቡንም አይርሱ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ተልቢና የተባለ የገብስ ሾርባ ያሠሩ ነበር፤ ልብን እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተዋል። ከእኛ የገብስ አጥሚት ብዙ አይርቅም። ብቻውን ለሚኖር ሐዘንተኛ በፔርሙዝ ይዘውለት ይሂዱ፤ ስኳር በሽታ ካለበት ማር አይጨምሩበት። ሲጠጣም አጠገቡ ይቀመጡ።

ሳምንታት አልፈውም መብላትና መተኛት ካቃተው ሐኪም ያሳዩት። መኖር አልፈልግም ካለ ግን ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ይውሰዱት።