ለትንሽ ላፕቶፕ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ

ሌኖቮ በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ቲንክፓድ ኤክስ220 ዛሬም ወዳጆቹ ብዙ ናቸው። ስክሪኑ 12.5 ኢንች ብቻ ቢሆንም ኪቦርዱ ለጣት ይመቻል፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሥራና ፕሮግራም ለመጻፍ ፕሮሰሰሩ እስካሁን ይበቃል። ጉድ የሚፈላው ግራፊክስ ላይ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ 3000 በብሌንደር አንድ ሕንፃ በሥሪ ዲ ልሥራ ያለውን ሰውም ሆነ አዲስ ጌም የከፈተውን ወጣት ቁጭ ብሎ ያስጠብቃል። ዴስክቶፕ ቢሆን ኖሮ ክዳኑን ከፍቶ ጠንከር ያለ ካርድ መሰካት ነበር። እዚህ ግን ካርዱ ቀርቶ የካርዱ ፋን እንኳ የሚገባበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ካርዱ ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ይህ የሚቻለው ግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው መስመር በላፕቶፕ ውስጥም ስላለ ነው። ዋይፋይ ካርዱ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ፈጣኖቹ ኤስኤስዲዎችም እንዲሁ። ኤክስ220 ደግሞ በጎኑ ኤክስፕረስካርድ የሚባል ቀዳዳ አለው፤ ለተጨማሪ ዕቃ ተብሎ የተተወ፣ አብዛኛው ባለቤት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠቀምበት የሚያረጅ። በዚያ ቀዳዳ በኩል አንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። በዴስክቶፕ 16 መስመር የለመደ ካርድ በአንድ መስመርም እሺ ብሎ ይነሳል፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ ራሱ እንዲህ እንዲሆን ያዛል።

መሸጋገሪያው ኢኤክስፒ ጂዲሲ ቢስት የሚባል ቻይና ሠራሽ አዳፕተር ነው። ካርዱ ቆሞ የሚሰካበት ረጅም ሶኬት ያለው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ከእሱ የሚነሳው ኬብል ጫፍ ላፕቶፑ ጎን ይገባል። የኬብሉ አንድ ራስ ልክ የቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ይመስላል፤ ቅርጹን ከመዋስ በቀር ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የቴሌቪዥን ኬብል መሰለኝ ብሎ ሞኒተር ላይ መሰካት ጉዳት ነው። ኤክስፕረስካርድ ለሌላቸው ላፕቶፖች ደግሞ በዋይፋይ ካርዱ ቦታ የሚገባ ኬብል ያለው ዓይነት ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ በካቻቪቴ ይፈታል፣ ዋይፋዩ ይወጣል፣ ኬብሉም ከታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። አያምርም።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ጉዳይ ነው። በደንቡ መሠረት ካርዱ ከሶኬቱ ብቻ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ትልልቆቹ በተጨማሪ ኬብል ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። የላፕቶፑ ቀዳዳ ይህን ሊሰጥ ስለማይችል አዳፕተሩ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል፤ ወይም ብዙዎች እንደሚያደርጉት ዴል ለትንንሽ ዴስክቶፖቹ የሠራውን ባለ 220 ዋት ጥቁር ቻርጀር። በ2014 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በዚህ መንገድ የተወደደው ፍላጎቱ 60 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ብዙዎቹም ተጨማሪ የኃይል ኬብል ስለማይጠይቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ያ አንድ መስመር በኤክስ220 ላይ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። የሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ያለው ባለ 16 መስመር ዴስክቶፕ ደግሞ ወደ 16 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ከሠላሳ እጥፍ በላይ። ታዲያ ካርዱ ሠላሳ እጥፍ ለምን አይንቀረፈፍም? ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን በአንድ ጋሪ ቢያመላልስ ቀኑን ሙሉ ይደክማል፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ግን ወጥ ቤት የሚሠራው ወጥ የጋሪውን ትንሽነት አያውቅም። ካርዱም የራሱ ሜሞሪ አለው። ሥዕሎቹና ቅርጾቹ አንዴ ከተጫኑለት በኋላ ከፕሮሰሰሩ የሚደርሰው በአብዛኛው ትእዛዝ ነው። ብሌንደር ላይ አንድን ሥዕል ለረጅም ሰዓት ለሚያበስል ሰው የመስመሩ ጥበት ብዙም አይሰማም። ሰፊ ከተማ ውስጥ እየነዱ አዲስ አዲስ ሰፈር የሚጫንበት ጌም ግን ድንገት ቆም፣ ድንገት ሄድ ይላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋት አንዲት ነገር አለች። ካርዱ የሠራውን ሥዕል በላፕቶፑ በራሱ ስክሪን ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ሥዕሉ በዚያችው መስመር ተመልሶ መምጣት አለበት። አንድ ፉል ኤችዲ ሥዕል፣ ማለት 1920 በ1080 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲታሰብ 8.3 ሜጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲባዛ 498 ሜጋባይት ይሆናል። የመመለሻው መንገድ በሥዕሉ ብቻ ጢም አለ ማለት ነው። የኤክስ220 ስክሪን 1366 በ768 ስለሆነ ግማሹን ይበላል። ስለዚህ ሞኒተር ፈልጋችሁ በቀጥታ ከካርዱ ጋር አገናኙት፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

ሁሉ ነገር ተሰክቶ፣ ፋኑም ዞሮ፣ ዊንዶውስ «ኮድ 12» የሚል ስህተት ሊያወጣ ይችላል። ካርዱ ታይቷል፤ የአድራሻ ቦታ ግን ጠፍቷል። ላፕቶፑን የሠሩት ሰዎች ባዮሱን፣ ማለት ላፕቶፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ሲጽፉ እንዲህ ያለ እንግዳ ይመጣል ብለው ስላላሰቡ፣ ከ4 ጊጋባይት በታች ያለው የአድራሻ ክልል በራምና በሌሎች ዕቃዎች ተይዞ ይቆያል። መፍትሔው ካርዱ ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲመደብ የሲስተሙን ሰንጠረዥ ማረም ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ሲነሳ ካርዱን ካየ ደርቆ ይቀራል። ለዚህ አዳፕተሩ ላይ ካርዱ ትንሽ ዘግይቶ እንዲታይ የሚያደርጉ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። የዋይፋይ ቦታ የሚጠቀም ሰውም የአንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ከተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ውጭ ያለውን አልቀበልም ማለቱ ይገጥመዋል።

ኩባንያዎችም ይህን ምኞት አልናቁትም። አሱስ ኤክስጂ ስቴሽን የተባለውን በ2007 አሳየ፤ ኤኤምዲ በ2008 ኤክስጂፒን አስከተለ፤ ሁለቱም ስም አላወጡም። ነገሩ የተለወጠው በ2015 ኢንቴል ተንደርቦልት 3ን ይዞ ሲመጣ ነው፦ በአንዲት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ አራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር። ሬዘር በ2016 የሸጠው ኮር የተባለ ሳጥን ካርዱን ሳይጨምር 499 ዶላር ነበር። አፕል በ2018 ማክኦኤስ ላይ በይፋ ደገፈው፣ በ2020 ወደ ራሱ ቺፕ ሲዞር ግን ተወው።

አሁን የነገሩ ወዳጆች ዓይን ኦኩሊንክ ላይ ነው። ለሰርቨር የታሰበ ማገናኛ ሲሆን፣ በኤም.2 የኤስኤስዲ ቦታ በሚገባ ርካሽ አዳፕተር አራት መስመሮችን ያለ ተርጓሚ ቺፕ በቀጥታ ያወጣል። በአራተኛው ትውልድ ላይ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል ነው። ሁለት የኤም.2 ቦታ ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ ግሩም ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ኤስኤስዲውን ታጣላችሁ። ኬብሉም ላፕቶፑ እንደበራ አይነቀልም፣ አይሰካም።

ዋጋውን ስደምረው፣ አዳፕተሩንም፣ ካርዱንም፣ ፓወር ሰፕላዩንም፣ ሞኒተሩንም ከዜሮ ለሚገዛ ሰው ያገለገለ ዴስክቶፕ ይሻለዋል እላለሁ። ካርዱ ወይም ሞኒተሩ ቤቱ ተቀምጦለት ላፕቶፑንም የሚወድ ሰው ግን ይሞክረው።

አዲስ አበባ ለሚሞክረው አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም አይሰማውም፤ ካርዱ ግን በዚያችው ቅጽበት ይሞታል፣ ሲስተሙም ይደርቃል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ካላችሁ የሚሰካበት የካርዱ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ላፕቶፑ ራሱን ችሏል።