ቀለምና አጽንኦት በእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት

«ብላክቦርድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል በፊደላችን ስንጽፈው ስድስት ፊደላት ይሆናል። ቀለማቱ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ብላክ» እና «ቦርድ»። ቀለም ማለት በአንድ አናባቢ ዙሪያ ተሰብስቦ ባንድነት የሚነገር የድምፅ ክፍል ነውና፥ የሚቆጠረው አናባቢው እንጂ ፊደሉ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቃል መነሻ ሁለት ተነባቢዎች ሲደራረቡ ምላሱ ስለማይለምደው በመካከላቸው አጭር አናባቢ ያስገባና «ብ-ላክ-ቦርድ» ብሎ ሦስት ቀለም ያደርገዋል። «ስትሪት» የሚለውንም ቃል «እስትሪት» የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቀለማቱን ለይቶ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከቀለማቱ መካከል ጠንከርና ከፍ ተደርጎ የሚነገረው የትኛው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ይህ አጽንኦት ይባላል። «ብላክ» በአጽንኦት ከተነገረ ቃሉ አንድ ነው፤ ፍችውም የመምህሩ ሰሌዳ ነው። አጽንኦቱ ወደ «ቦርድ» ከዞረ ግን ቃሉ ሁለት ይሆናል፤ ፍችውም ማንኛውም ጥቁር ሳንቃ ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ «አረንጓዴ ብላክቦርድ» ቢል፥ አጽንኦቱን በቦታው እስካዋለ ድረስ፥ አነጋገሩ እርስ በርሱ አይጋጭም።

በአማርኛ የቀለማት ኃይል ተቀራራቢ በመሆኑ ይህን ልዩነት ጆሯችን ቶሎ አይዘውም። ሆኖም የሚመሳሰል ነገር አለን። «ዋና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚዋኘውን፥ ሲጠብቅ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ያመለክታል። በጽሕፈት አይለዩም፤ የሚለዩት በንባብ ነው። ልብ በሉ፦ ሲጠብቅ የቀለሙም ድንበር ይለወጣል፤ «ዋ-ና» የነበረው «ዋን-ና» ይሆናል።

ረዘም ያለውን ጥምር ቃል ለመክፈል ከመጋጠሚያው መጀመር ይቀላል። «ሞተርሳይክል» በመጀመሪያ «ሞተር» እና «ሳይክል» ተብሎ ይከፈላል፤ ቀጥሎም ሰባቱ ፊደላት አራት ቀለማት ይሆናሉ፦ «ሞ-ተር-ሳይ-ክል»። ዋናው አጽንኦት «ሞ» ላይ ያርፋል፤ «ሳይ» መለስተኛ ኃይል ይኖረዋል፤ የቀሩት ይለዝባሉ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አነባበቡን ሲያሳዩ ብዙዎቹ ከዋናው ቀለም በፊት ከፍ ያለች፥ ከመለስተኛው በፊት ዝቅ ያለች ትንሽ ጭረት ያኖራሉ።

አብዛኛው የእንግሊዝኛ ጥምር ስም አጽንኦቱን በፊተኛው ክፍል ላይ ያሳርፋል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ለንደን ውስጥ ያለውን «ኦክስፎርድ ስትሪት» ስንጠራ «ኦክስ» ይጠነክራል፤ የኒው ዮርኩን «ፊፍዝ አቬኑ» ስንጠራ ግን «አቬኑ» ይጠነክራል። ሁለቱም የመንገድ ስሞች ናቸው፤ ለልዩነቱ ከልማድ በቀር አጥጋቢ ምክንያት ማቅረብ አስቸጋሪ ነው።