«ዘይት ጨምርበት» የሚሉት ምክር

ከእንጅባራና ከዳንግላ ቅዳሜ ማለዳ ተነስተው ጣና ላይ በመንጠቆ ዓሣ ለማጥመድ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ያረጀ የፋይበር ጀልባ ከነሞተሩ ይገዛሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወደቡ የማይጠፋ አንድ ምክር ይከተላቸዋል፦ «ሞተሩ ደከመ? ዘይት ጨምርበት!» በዚህ ምክር የተበላሹ ሞተሮች አይቻለሁ። ጥገናው ውድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የማይነሳ ሞተር ይዞ ሐይቁ መሐል መቅረት ግን ከገንዘቡ ይብሳል።

ምክሩ መነሻ የለውም አልልም። ቱ-ስትሮክ ሞተር እንደ መኪና የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ያለሰልሳል፣ አብሮ ይቃጠላል። ሲያንሰው ፒስተኑ ይነክሳል። አዲስ ሞተር ወይም ፒስተኑ የተቀየረለት ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጥፍ ዘይት እንዲሰጠው ብዙ አምራቾች ያዛሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚሠሩ የዓሣ ጀልባዎች ጣና ላይ ሲገቡ ምናልባት ምክሩ የተለመደው ያኔ ይሆናል። ግን ለአራስ የታዘዘ ገንፎ ዕድሜ ልክ አይበላም።

ለብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች ልኩ 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። (100 ለ1 የሚልም አለ፤ የሞተሩን መጽሐፍ ማየት ነው።) ከዚያ ሲያልፍ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የፒስተኑ አናትና የጭስ መውጫው ጥላሸት ይጋገርበታል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቦታው ላይ ይጣበቃል። ፋሻ ሲጣበቅ እምቅ አየሩ ያመልጣል፤ ሞተሩም የባሰ ይደክማል። መካሪው ታዲያ ምን ይላል? «አሁንም ዘይት አንሶት ነው!»

ከሁሉ የሚያናድደኝ የመኪና ሞተር ዘይት የሚያስጨምረው ነው። «ዘይት ዘይት ነው» ይላል። አይደለም። የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። ለጀልባ ሞተር የሚሆነው ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ምልክት ያለበት፣ አመድ የማይተወው ዘይት ነው። ይወደዳል፤ ከፒስተን ግን ይረክሳል።

ሞተሩስ ለምን ደከመ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ የዘንገና ሐይቅ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ ወደ 33፣ ዘንገና ላይ ቢያስነሱት ወደ 30 ይወርዳል። ካርቡራተሩ ግን ያው ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ያፈሳል፤ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጭሱም ይወፍራል። በዚህ ላይ ዘይት ማከል ካንዴላውን ቶሎ መግደል ነው። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የናስ ቀዳዳ በጠበበች መቀየር፣ ፕሮፔለሩንም በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት በሚገፋ መተካት ነው።

እርግጥ አሮጌ ሞተር ከዕድሜም ይደክማል። የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ ያረጀው ሞተሩ ነው። ተቀራራቢ ከሆኑ መጀመሪያ አየሩን እጠረጥራለሁ፤ ሁሉም እኩል አልቀው ከሆነ ግን ይህም ሊያሳስት ይችላል። ቁጥሩ ራሱ በደጋ ከመጽሐፉ ዝቅ ስለሚል አትደንግጡ።

የቀሩት የወደብ አባባሎች ቶሎ ያልቃሉ። «ጣና ጨው የለውም፣ ሞተር አይጎዳም» ግማሽ እውነት ነው። ጨው ባይኖርም ግልገል አባይ በክረምት የሚያወርደው ደለል የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፎች ይሞርዳል፤ እንቦጭም የውኃ መሳቢያውን ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን ውኃ ከቆመች ወዲያው አጥፉት። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለማይዋኝ ብቻ ነው የሚሉም አሉ፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ውኃ ውስጥ የወደቀ ዋናተኛ ይዋኝ ይሆን?

«ፋይበር አይበሰብስም» የሚለው ደግሞ የሻጮች ነው። ፋይበሩ አይበሰብስም፤ በውስጡ የታሸገው ጣውላ ይበሰብሳል፤ በቆዩ ጀልባዎች ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ጣውላ አለበት። በመዶሻ እጀታ አንኳኩት፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ጠርጥሩ። ከዚያም ሞተሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ግድግዳው አብሮ ከተለመጠ ስለ ዋጋ ማውራቱን ተዉት።