የአያቱ በገና ለምን እንደ ጊታር ጮኸ?

ልጁ የሽንዲ ልጅ ነው፤ ስሙን እንተወው። ከአያቱ የወረሰው በገና አውታሮቹ ቢበጣጠሱበት ናይለን አሰረበት። ሁዳዴ ገብቶ ሲደረድር እናቱ «ይሄማ የአባባ በገና አይደለም» ብለው ተነሥተው ወጡ። አሁን በገናውን ሸጦ የድምፅ ማጉያና ጊታር ሊገዛ ነው።

ተው ወንድምዓለም! ማጉያ ያለውን ድምፅ ነው የሚያጎላው፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? ያ ወፍራም ድምፅ የሚወጣው ከበግ አንጀት አውታር ነው። አንጀቱ ስቡ ተፍቆ ይታጠባል፣ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ናይለን ርካሽ ነው፣ ቶሎም አይበጠስም። አንጀት ደግሞ በክረምት እርጥበት ቅኝቱ እየተዛባ ያስለቅሳል፤ እሱን አልክድም። ግን በፈረንጆች 1950ዎቹ ሮካቢሊ የሚጫወቱት አሜሪካኖች እንኳ ያን ቆሞ የሚመታውን ትልቅ ቤዝ በአንጀት አውታር ነበር የሚያስጮሁት። ዛሬም የዚያን ዘመን ድምፅ የፈለገ ወደ አንጀት ይመለሳል።

«ዝዝዝ» የሚለው ንዝረት ግን የእንዚራ ሥራ ነው። እንዚራ በአውታሩና በበርኩማው መሀል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እየገፋህ አውታሩን ምታው፤ የሚነዝርበት ቦታ ሲገኝ ጆሮህ ይነግርሃል። አሥሩንም አውታር አንድ በአንድ። ናይለኑን ሳትፈታ መጀመሪያ ይህን ሞክር፤ ሳንቲም አያስወጣህም። ከዚያ በኋላ እናትህን ጥራቸው።