«ነጭ አዝሙድ»፦ ከካራዌይ ወገን የተለየው ዕፅ፣ አዘራሩና ስያሜው

1. መነሻ

በመስክ የቃላት ስብስብ «አዝሙድ» የሚለው ቃል ሲመዘገብ፣ በትይዩ የሚሰፍረው የባዕድ ቋንቋ ፍቺ አንድ ጊዜ ከሙን፣ ሌላ ጊዜ ካራዌይ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ስሕተቱ በአንድ መዝገብ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ያን መዝገብ ይዞ የቃላትን ውርስና ውሰት የሚከታተል ተመራማሪ የአንዱን ተክል ታሪክ ለሌላው ይሰጣል። ይህ አጭር ጽሑፍ ነጭ አዝሙድ የሚባለውን ዕፅ ማንነት፣ አዘራርና ስያሜ ያብራራል።

2. ዕፁና አዘራሩ

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዕፁን «ሲሶን አሚ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ከካራዌይ ጋር በአንድ ወገን አስገብተው «ካሩም ኮፕቲኩም» አሉት። የዛሬው ስሙ «ትራኪስፐርሙም አሚ» የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የወገኑ ስም በግሪክ «ሸካራ ዘር» ማለት ሲሆን፣ የፍሬው ቆዳ በጥቃቅን እብጠቶች መሸፈኑን ያመለክታል። ካራዌይ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ በዱር ጭምር የሚበቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ዓመቱ የሚያፈራ ተክል ነው፤ ነጭ አዝሙድ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አፍርቶ ይደርቃል።

ፍሬው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በለሰለሰ ማሳ ላይ ተበትኖ በስሱ አፈር ይለብሳል፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ነጫጭ አበቦቹ በጃንጥላ አምሳል ተሰብስበው ይፈካሉ። በአንድ ተክል ላይ ያሉት ራሶች እኩል አይደርሱም፤ ስለዚህ ቀድመው ያጨዱት ጥሬ ይበዛበታል፣ የዘገዩበት ደግሞ ይረግፋል። ራሶቹ ሲጠይሙ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ለበርበሬና ለሽሮ ማጣፈጫ ይውላል።

3. ስያሜው

ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ዝምድና የላቸውም። የመጀመሪያው ከድምብላልና ከእንስላል ቤተሰብ ነው፤ ሁለተኛው «ኒጌላ ሳቲቫ» ከሌላ ቤተሰብ ነው። በአማርኛ የቀለም ቅጽል በሦስት ደረጃ እንደሚለይ ልብ ይሏል። በነጭ ጤፍና በቀይ ጤፍ የአንዱን ተክል ዓይነቶች፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ ሽንኩርት የአንዱን ወገን ልዩ ልዩ ዕፀዋት፣ በሁለቱ አዝሙዶች ደግሞ የማይዛመዱ ቤተሰቦችን ይለያል። ስለዚህ «አዝሙድ» የዕፀዋት ወገን መጠሪያ ሳይሆን፣ በዘርነትና በማጣፈጫነት ላይ የቆመ የማጀት ምድብ ነው። «ነጭ» የተባለውም ዘር በእርግጥ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ ቅጽሉ ከጥቁሩ ጋር ያለውን ተቃርኖ እንጂ ቀለሙን አይገልጽም።

ጥምረቱ አንድ ቃል ለመሆኑ ሰዋስውም ይመሰክራል። በተራ ሐረግ የእሙርነት ምዕላድ በቅጽሉ ላይ ይወድቃል፦ «ነጩ ቤት»። በዚህ ስም ግን «ነጭ አዝሙዱን ቁሊው» ይባላል፣ «ነጭ ሽንኩርቱን ክተፊው» እንደሚባል ሁሉ። «ነጩ አዝሙድ» ቢባል ተናጋሪው ሁለቱን አነጻጽሮ አንዱን እንደ መረጠ ይሰማል። «በጣም» ከፊቱ ቢገባ ደግሞ የተክሉ ስም ፈርሶ የቀለም መግለጫ ይሆናል።

በከሙን በኩል ያለው መምታታትም የቆየ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዮስቆሪደስ «አሚ» ስለተባለው ዕፅ ሲጽፍ፣ አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ከሙን» እንደሚሉት መዝግቧል። በግሪኮች አነጋገር «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ስለሚሸፍን፣ ስያሜው ብቻውን ተክሉ ከዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ለመውጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

4. ለመዝጋቢዎች

«አዝሙድ» ያለ ቅጽሉ መፈታት የለበትም። ዘሩ ይታይ፣ በጣት ታሽቶም ይሽተት። ነጭ አዝሙድ ቲሞል ስላለው ጠረኑ ወደ ጦስኝ ያደላል፤ የካራዌይ ጠረን የሚመነጨው ከካርቮን፣ የከሙን ከኩሚን አልዴሃይድ ነው። የቃሉን ታሪክ ከመመርመር አስቀድሞ ቃሉ የትኛውን ዘር እንደሚጠራ ማረጋገጥ ያሻል፤ ለዚህም ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር አፍንጫ ነው።