የሴባስቶፖል መንገድ

በዋድላና በደላንታ የድሮ መንገድ የሚሠራው በኮቴ ነው። ሲራራ ነጋዴው አህዮቹን እየነዳ ያልፋል፤ ክረምት ሲሸረሽረው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሌላ መስመር ይይዛል። ስፋቱ ለአንድ የተጫነች በቅሎ ከበቃ ሞልቷል። ከፊት የሚመጣ ካለ አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል።

አንዱ መንገድ ግን ለመንኮራኩር ተብሎ ተቆረጠ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ይዘው ነበር። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነገር በበቅሎ አይጫን፣ በሸክም አይሞከር። ስለዚህ ሠራዊቱ ከፊት መንገድ እየቆረጠ፣ ከኋላ ሠረገላ እየጎተተ ሄደ። ዓለቱን በባሩድ ያፈርሳሉ፤ የገደሉን ጎን በድንጋይ ይክባሉ፤ ጎድጓዳውን በአፈር ይሞላሉ። ንጉሡም ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ቀለል ብሎ ለወጣ መንገደኛ የቀናት ጉዞ የሆነው አገር ለሴባስቶፖል ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጀ።

ያ ሁሉ ጊዜ የት እንደገባ ለማወቅ ጅጣንና በሽሎን ማየት ነው። ሁለቱም ከደጋው ጫፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብለው የሚፈሱ ወንዞች ናቸው። እግረኛ ጠመዝማዛውን በአቋራጭ እየቆረጠ ይወርዳል። ለመድፍ ግን ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል፤ ዳገት ላይ የደከመው ቆም ብሎ ይተነፍሳል፣ ቁልቁል ያመለጠ መንኮራኩር ግን ፊቱ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው ገደል የሚገባው። እናም ብዙ ሰው ከኋላ በገመድ ወደ ላይ እየሳበ ያወርደዋል። ስለ መድፉ ብዙ ተወርቷል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው።

የተጠቀመበት ደግሞ ጠላት ነው። ከዙላ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስ ወደ ጅጣ የሚያወርድ የተዘጋጀ መንገድ ጠበቀው፤ መድፍ የተሸከሙት የህንድ ዝሆኖች ሳይቀሩ በዚያው ወረዱ። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርክሃም ሥራውን በመጽሐፉ አድንቆታል። ንጉሡ መቅደላ በገቡ በሳምንታት ውስጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ሞቱ።

ዛሬ መኪናው በዚያ መስመር ያለውን ጨጨሆን የሚያልፈው ቻይኖች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው። ሴባስቶፖል የሚመልሰው አላገኘም፤ አሁንም እዚያው መቅደላ ነው።